ባንዱ ለአንድ ሰው አይወርድም

ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ ሸጎሌ አካባቢ በአንድ አዳራሽ ተዳረች። ከስፒከሩ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡኝ ብዬ ስለምን፣ ዘመዶቼ ክብር መስሏቸው ፊት ለፊት ስፒከሩ ሥር ጎለቱኝ። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ጆሮው ላይ ሎቲ ያንጠለጠለ፣ ማስቲካ የሚያኝክ ጎረምሳ ነው። ዘፋኟ ጥቂት እንደዘፈነች ወደ እሱ ዞር ብላ በጣቷ ጉሮሮዋን ነካ አደረገች። ልጁ ማስቲካውን ሳያቆም አንዲት ቁልፍ ጠቅ ጠቅ አደረገና ሙዚቃው እንዳለ ወደ ወፍራሙ ድምፅ ዝቅ አለላት። በቃ፣ ይኸው ነው። ዘፋኟ ቀጠለች፣ ሰዉ እስክስታውን ቀጠለ፣ ነገሩን ልብ ያለው ሰው የለም። እኔ ግን የያዝኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩ። ተነስቼ ወጣሁና ከአዳራሹ ጀርባ ጄኔሬተሩ አጠገብ ቆምኩ። የሙሽራዋ ወንድም ተከትሎኝ መጥቶ "ጋሼ፣ ጮኸብዎት እንዴ?" አለኝ። አዎ ጮኸብኝ አልኩት። ሌላ ምን እለዋለሁ?

የሙዚቃ ሰው ላልሆነ አንባቢ ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። ማንኛውም ዘፈን የሚነሳበትና ዞሮ ዞሮ የሚያርፍበት አንድ ድምፅ አለው። ሙዚቀኞች "ኪ" ይሉታል። ያው ዘፈን ከአንዱ ኪ ሲነሳ ወፈር ይላል፣ ከሌላው ሲነሳ ቀጠን ይላል፤ ዜማው ግን ያው ነው። ለሰሚው ይኼን ያህል አይደለም። ሙዚቀኛ ግን እያንዳንዱ ጣቱ የለመደው ኪ አለው። ጊታር የሚመታ ሰው ክሮቹ ሳይያዙ የሚጮሁበትን ይወዳል፤ ሳክስፎን የሚነፋ ሰው ጣቱ የማይጠላለፍበትን ይወዳል። ለምን እንደሚወዱት ስትጠይቋቸው "ይኼኛው ሆድ ያባባል፣ ያኛው ይሞቃል" እያሉ ይፈላሰፋሉ። እውነቱን ልንገራችሁ? አብዛኛው ስንፍና ነው። እኔም ሰነፍ ጊታር መቺ ስለነበርኩ አውቀዋለሁ። በስንፍና የማይታማው ዘፋኝ ብቻ ነው፤ ጉሮሮ እንዲያው ሲፈጠር የተሰጠውን ያህል ነው የሚሄደው።

እኔ ያደግኩበት ቀበሌ ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነበር። ባሕር ዛፍ የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ሲወርዱ ቅጠሉ መሬቱን እየጠረገ ያልፍ ስለነበር፣ መንገዳችንን የሚያጸዱት እነሱ ናቸው እንል ነበር። ከታች ጥጉ ላይ የከድር ሱቅ አለ። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በአሥር ሳንቲም፣ ሲጋራ በፍሬ። ወደ ፒያሳ የሚወስደው ውይይት ታክሲ እዚያው ይቆማል። ፊት ለፊት ተፋጠን፣ ጉልበታችን እየተጋጨ፣ የማናውቀውን ሰው ዓይን ላለማየት ጣራ ጣራውን እያየን እንሄድ ነበር። ያኔ ሰው ዓይን ለዓይን መተያየት አይወድም፤ ምክንያቱን የዘመኑ ሰው ያውቀዋል። እኔ ጊታር የምመታበት የቀበሌው ኪነት ቡድን የሚለማመደው የአንድ የቀድሞ ባለጸጋ ሳሎን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ሰውዬው የት እንደገባ አልጠየቅንም። ቤቱ ለቀበሌው ሲሆን አብሮ የቀረ ዕቃ ነበር፤ አንድ የእንጨት ቁም ሳጥን፣ የሚንቋቋ ሶፋና አንድ የጣሊያን አኮርዲዮን።

አኮርዲዮኑን የያዘው ጋሽ ዘለቀ ነበር፤ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሁልጊዜ ባርኔጣ የሚያደርግ ሰው። ያ አኮርዲዮን ክረምቱን ጣራው በሚያፈስ ክፍል ውስጥ ከርሞ ነጫጭ ቁልፎቹ አብጠው ተጣብቀው ነበር፤ አንዱን ሲጫኑት ሦስቱ አብረው ይወርዳሉ። ጥቁሮቹ ግን ደህና ነበሩ። የአኮርዲዮን ጥቁር ቁልፎች እየተደጋገሙ የሚመጡት አምስት አምስት ሆነው ነው፤ የኛም ዘፈን የሚዘፈነው በአምስት ድምፅ ነው። ጋሽ ዘለቀ ነጩን ሙሉ በሙሉ ትቶ በጥቁሮቹ ብቻ መጫወት ጀመረ። እየዋለ እያደረ ግን ጉድለቱን ረስቶ ኩራት አደረገው። "አየህ፣ ፈጣሪ አምስቱን ለኛ ለይቶ አጠቆራቸው። ነጩ ለፈረንጅ ነው" ይለኝ ነበር። አንቺሆዬ ተጫወትልን ያሉት እንደሆነ፣ ቅኝቱ በጥቁሮቹ ብቻ ስለማይወጣ ፊቱን አኮሳትሮ "እሱ ዘፈን ለቀበሌ አይመጥንም" ብሎ ያልፈዋል። በጥቁሮቹ የሚወጣው ኪ ሙዚቀኞች ኢ ፍላት ማይነር የሚሉት ነው። ለጊታር የማይመች ክፉ ኪ ነው። እኔ መላ ፈጠርኩ፤ እርሳስ በጊታሩ አንገት ላይ አጋድሜ በካልሲ ላስቲክ አስሬ፣ እንደለመድኩት እየመታሁ ከእነሱ ጋር እገጥማለሁ።

ወንዴ የዘፈነው በዚህ ኪ ነው። ሙሉ ስሙ ወንድይፍራው ነው፤ እንደኔው የሰፈር ልጅ፣ የልብ ጓደኛዬ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ቤልቦተሙ መሬት የሚጠርግ፣ አፍሮው ውስጥ ሚዶ ሰክቶ የሚረሳ ልጅ ነበር። ሲያወራ ይንተባተባል ማለት ይቻላል፤ ሲዘፍን ግን ሌላ ሰው ነው። ድምፁ ወፈር ያለ ሆኖ ጫፉ ላይ ትንሽ ይሻክራል፤ ሻካራው ነው ልብ የሚይዘው። ያ ድምፅ ለጋሽ ዘለቀ ጥቁሮች የተለካ ይመስል ነበር። ልምምዳችን አንድ ወግ ነበረው፤ ጋሽ ዘለቀ አንዲት ድምፅ ረዘም አድርጎ ይስብና ዝም ይላል፤ ወንዴ እሷን ይዞ ለብቻው ይገባል፤ የመጀመሪያውን ስንኝ ሲጨርስ እኛ ከሥሩ እንገባለን። መግቢያ የሚባል ሙዚቃ አናውቅም። በኋላ በኋላ ወንዴ ድምፁን ከመልመዱ የተነሳ አኮርዲዮኑ ሳይሰጠው ራሱ ይነሳ ጀመር፤ ጋሽ ዘለቀ ሲገጥምበት ወንዴ አንድም ቀን ስቶ አልተገኘም። በሰልፍና በበዓል ቀን የምንዘምረው ስለ ምርትና ስለ ትግል ነበር፤ ካኪ ለብሰን፣ ቀይ ጨርቅ አንገታችን ላይ አስረን። ልምምዱ ሲያበቃ ግን በሩን ገርበብ አድርገን የልባችንን እንጫወታለን። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ እንደዚያ ፈርቼም አላውቅም፤ ሁለቱ አብረው ነበሩ።

ወንዴ ለእናቱ አንድ ነው። እትዬ በላይነሽ አዲሱ ገበያ ጌሾና ብቅል የሚሸጡ፣ ቆፍጠን ያሉ፣ ከቀበሌ ሊቀመንበር ጋር እንኳ ቆመው የሚከራከሩ ሴት ነበሩ። የብሔራዊ ውትድርናው ዙር ሲመጣ ግን ያ ቆፍጣናነታቸው ሟሸሸ። በየቤቱ ወንድ ልጅ ያለው ሁሉ ሹክሹክታ ጀመረ። እኔን በልጅነቴ የተሰበረው እግሬ አትርፎኛል፤ ሳነክስ የሚስቁብኝ ልጆች በዚያ ሰሞን ቀኑብኝ። ወንዴ ግን ዕድሜውም ጤናውም ለውትድርና ነው። አንድ ቀን ሊቀመንበሩ ራሱ ልምምድ ላይ መጥቶ "ከፍተኛው ለኪነት ቡድኑ ዘፋኝ ሊመርጥ ነው። የተመረጠ ሰው እዚያው ይመደባል፤ በዚህ ዙር አይሄድም" አለን። ከፍተኛ የሚባለው ያኔ ከቀበሌ በላይ ያለው አስተዳደር ነው፤ ቡድኑ ከየቀበሌው የተውጣጣ፣ መለከትና ሳክስፎን ያለው፣ ትልልቅ ስብሰባ ላይ የሚጫወት ነው። እትዬ በላይነሽ ይኼን ሲሰሙ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሲመለሱ እኔን በር ላይ ያዙኝ።

"አንተ ሙዚቃውን ታውቃለህ። ያልፋል?"

"ያልፋል፣ እትዬ። እንደሱ የሚዘፍን የለም።"

"እንግዲህ ባፍህ ያድርገው" አሉኝ።

የከፍተኛውን ባንድ የሚመራው ክንፉ የሚባል ሳክስፎን ነፊ ነበር። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ወታደር ቤት ሙዚቃ የተማረ፣ ጫማውን እንደ መስታወት የሚወለውል፣ ንፍጡን ያልጠረገ ልጅ የሚያባርር ሰው ነበር። የሚነፋው ቴነር ሳክስፎን ነው፤ በዚያ መሣሪያ ጂ ማይነር የሚባለው ኪ ለጣት ቀላሉ ነው። ስለዚህ ባንዱ በሙሉ፣ መዝሙርም ይሁን ዘፈን፣ የሚጫወተው በጂ ማይነር ነበር። ይኼን ከሰማሁ በኋላ ከወንዴ ጋር ቤታችን ቁጭ ብለን ሞከርነው። ከለመደው በጊታር አራት ፍሬት፣ ማለትም አራት እርከን፣ ከፍ ይላል። ታችኛው ደህና ነው፤ ዘፈኑ ወደሚወጣበት ሲደርስ ግን ያ የሚያምር ድምፅ ተሰንጥቆ ጩኸት ይሆናል። ደገመው። ሦስተኛው ላይ ጊታሩን ከእጄ ወስዶ አልጋው ላይ አስቀመጠው።

"በ... በዚህ አልችልም" አለ። "ንገራቸው። አንተ ንገራቸው፣ እኔ ሳወራ ይሰለቻሉ።"

ሄጄ ነገርኩ። ክንፉ የሳክስፎኑን አፍ በመሐረብ እየጠረገ አዳመጠኝ። ጓድ ክንፉ፣ ልጁ ድምፁ ወፍራም ነው፣ እባክዎ ለአንድ ዘፈን ብቻ ወደ ኢ ፍላት ዝቅ ይደረግለት አልኩ። ከት ብሎ ሳቀ።

"ኢ ፍላት ማይነር? ማነው እሱን ያስተማራችሁ?"

"አኮርዲዮናችን የሚሠራው በሱ ነው።"

"ስማ፣ የኔ ልጅ። ስንት ዘፋኝ ነው የሚመጣው? ለእያንዳንዱ ልውረድ ልውጣ? ዘፋኝ ነው ወደ ባንድ የሚመጣው። ባንዱ ለአንድ ሰው አይወርድም።"

በዘመኑ ለአንድ ሰው ተብሎ የሚደረግ ነገር አልነበረም፤ መፈክሩም ያው ነበር። አሁን ሳስበው ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ከለመደው ኪ ውጪ መንፋት ስለማይችል ነው። እንደማይችል የሚያውቅ ሰው ግን በዚያ ጊዜ ከክፉ ይብስ ነበር፤ አለመቻል ከተጋለጠ ቦታ ያሳጣል፣ ቦታ ካጣህ አንተም ለጦር ግንባር ስምህ ይጻፋል። ሁሉም ሰው ያለችውን ትንሽ እንጀራ ይዞ ይንቀጠቀጣል። ዛሬ ልጆቻችን "ለምን አልተናገራችሁም፣ ለምን እምቢ አላላችሁም?" ይሉናል። ኪቦርዱ ላይ ያለችውን ቁልፍ እየነካ ላደገ ልጅ ይኼን ማስረዳት ከባድ ነው።

ምርጫው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነበር። የከፍተኛው አዳራሽ በቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ ፀሐዩ ሲመታው ይንጣጣል። ፊት ለፊት ቀይ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ከኋላው ኮሚቴዎቹ፣ በስተግራ ባንዱ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ደግሞ የየሰፈሩ ሰው። እትዬ በላይነሽ ውጪ ቀሩ፤ ልባቸው አልቻለም። ጋሽ ዘለቀ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ይዟል። ከወንዴ በፊት የወጡት ልጆች አንዱ ቢንሻፈፍ ሌላው ቢጮህ ባንዱ በጂ ማይነር ግጥም እያደረገ ሸፈነላቸው። ወንዴ ተጠራ። ካኪው ተተኩሶ እንደ ካርቶን ደርቋል። ማይኩን ያዘ። ክንፉ ሳክስፎኑን አፉ ላይ አድርጎ መግቢያውን ሊነፋ ትንፋሹን ሳበ።

ወንዴ ቀደመው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ማንም ድምፅ ሳይሰጠው፣ ከጋሽ ዘለቀ ጥቁሮች ላይ ተነሳ። የዕለት ዕለት ልማዱ ነው ወይስ አስቦበት ነው? ይኼንን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እሱም አልነገረኝም። ዘፈኑ የባህል ነው፣ የናፍቆት። የመጀመሪያውን ስንኝ ለብቻው ሲወጣው ቆርቆሮው ራሱ ዝም ያለ መሰለኝ። ከኮሚቴዎቹ አንዱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አጠገቤ የቆሙ አንዲት ሴት "ወይኔ ልጄን" ብለው አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ቀጥሎ ባንዱ መግባት ነበረበት። ቤዝ የሚመታው ልጅ ጆሮ ስለነበረው ፈልጎ አገኘው። ጊታሩ ተደናበረ። ክንፉ ገባ፣ ሳተ፤ እንደገና ገባ፣ እንደገና ሳተ። ሳክስፎን ሲስት ደግሞ የሚደበቅ ነገር አይደለም፤ በአዳራሹ ሙሉ እንደ በግ ጮኸ። ሰዉ ሳቀ። ክንፉ ፊቱ ቀልቶ ሳክስፎኑን አወረደና እጁን አንስቶ ባንዱን አስቆመ። ወንዴ ግን አላቆመም፤ አልሰማም ይሆናል። እስከ መጨረሻው ለብቻው ዘፈነው። ሰዉ አጨበጨበ፣ እልል ተባለ። እኔም ሁለት እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ፤ አለፈ፣ ዳነ ብዬ።

ኮሚቴው ወደ ክንፉ ዞሮ ጠየቀው። የተናገረውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። "ድምፅ አለው። ከቡድን ጋር መሥራት አይችልም። ባንዱ ላይ አልደረሰም" አለ። ያ ቃል በቃል ተጻፈ። በሚቀጥለው ሳምንት ቀበሌው በር ላይ የተለጠፈው ዝርዝር ላይ ወንዴ ለዘፋኝነት የለም፤ ለውትድርናው ግን አለ።

እትዬ በላይነሽ የሰሙት "አልደረሰም" የሚለውን ብቻ ነው። ለሳቸው ልጃቸው አፍሮ፣ ድምፁን ውጦ፣ እንደ ልማዱ ተንተባትቦ ነው የወደቀው። እኔ በጣም ጥሩ ነው የዘፈነው፣ ሰው አልቅሷል ብላቸው አላመኑኝም። "ጓደኛው ስለሆንክ ነው። ጥሩ ቢዘፍን ኖሮ ይወስዱት የለ?" አሉኝ። ስለ ኪው፣ ስለ ሳክስፎኑ ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ በእጃቸው ተወኝ አሉኝ። ወንዴ በሄደ ቀን አዲሱ ገበያ የጭነት መኪናው ጋ አብሬያቸው ነበርኩ። በሶ በከረጢት ይዘውለታል፤ በሶውን እየሰጡት እንኳ ቁጣቸው አልበረደም። "ትንሽ ጠንከር ብለህ ብትዘፍንላቸው ምን ነበረበት? እኔን ነው እንዲህ ያደረግኸኝ!" አሉት። ወንዴ ጎንበስ ብሎ ጫማቸውን ሳመ። መናገር ሲጀምር ምላሱ እንደሚያዝ ስለሚያውቅ ይሆናል። ከዚያ መኪናው ላይ ወጣ። ከመኪናው ላይ የተዘፈነ ነገር አልነበረም፤ እንዲያው ቆሞ እያየን ሄደ።

አልተመለሰም። ጦርነቱ አብቅቶ ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ከሰሜን በእግር እየተንጠባጠቡ የገቡ ልጆች ነበሩ፤ እትዬ በላይነሽ እያንዳንዱን እያስቆሙ ይጠይቁ ነበር። አየሁት የሚል ሰው አልተገኘም። በመጨረሻ ዘመድ ተሰብስቦ ድንኳን ተተከለና ተለቀሰ። ጋሽ ዘለቀም አኮርዲዮኑን ከዚያ ወዲያ አልነካውም፤ ጡረታ ወጥቶ የገበሬዎች ወፍጮ ቤት ደጃፍ ዳማ ሲጫወት አርጅቶ ሞተ። ዛሬ ያ አዳራሽ የወጣት ማዕከል ነው አሉ፤ ከድር ሱቅ የነበረበት ጥግ ላይ ፎቅ ቆሟል፣ ሥሩ ሞባይል ይሸጣል። እኔ በዚያ ሳልፍ ወደ ሌላኛው ወገን እሻገራለሁ፤ ለምን እንደሆነ ሚስቴም አታውቅም።

ክንፉን ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ ጤና ጣቢያ፣ የደም ግፊት ተራ ስጠብቅ ነው። መጀመሪያ አላወቅኩትም። ጥርሱ ረግፎ ጉንጩ ገብቷል፤ ያ ጥርስ ከሌለ ደግሞ ሳክስፎን የለም። እሱ ግን በእግሬ አወቀኝ። "አንተ የእርሳሱ ጊታር መቺ አይደለህም?" አለኝ። አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው፣ "ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ተለማመድኩት" አለ። "ያንን ኪ። ተናድጄ ነው የጀመርኩት። ከባድ አልነበረም። ምንም ከባድ አልነበረም።" ስለ ወንዴ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። እናቱ አሉ ወይ አለኝ። አሉ አልኩት።

በማግስቱ ይዤው ሄድኩ። እትዬ በላይነሽ ዓይናቸው ደክሟል፤ መደቡ ላይ በቡሉኮ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ማን እንደሆነ ስነግራቸው ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩ። ክንፉ ባርኔጣውን አውልቆ እግራቸው ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

"እማማ፣ ያን ቀን ልጅዎ አልወደቀም" አላቸው። "በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ዘፈን አልሰማሁም። የወደቅኩት እኔ ነኝ። እሱ የተነሳበትን ድምፅ እኔ መጫወት አልቻልኩም። አፍሬ ነው እንደዚያ ያልኩት።"

ይጮሁበታል፣ ይረግሙታል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮሁም። ለረዥም ጊዜ የቡሉኮውን ጠርዝ በጣታቸው ሲያሹ ቆዩ።

"ጥሩ ነው የዘፈነው?" አሉ።

"ጥሩ ነው የዘፈነው፣ እማማ።"

"ሰው ሰማው?"

"አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰማው።"

ያኔ ነው እንባቸው የመጣው። ልጃቸው የሄደ ቀንም፣ ድንኳኑ የተተከለ ቀንም አጠገባቸው ነበርኩ፤ እንደዚህ ሲያለቅሱ ግን አላየሁም። ወደ ክንፉ ሳይሆን ወደ እኔ ዘወር አሉ።

"እኔ እኮ ተቆጥቼው ነው የሸኘሁት" አሉኝ። "አንተ ነበርክ፣ ሰምተሃል። አሁን ለልጄ፣ እናትህ ተሳስታ ነው ብሎ ማን ይንገርልኝ?"